የመስታወቱ ጠረጴዛና የአክስት እግር

«ታዲያ እኔንስ ከነእግሬ ለምን መስኮቱ ላይ አታስቀምጠኝም! አላፊ አግዳሚው ዋጋ ይጠይቅብኝ!»

አክስት ናት። የቢሮ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፊቷ የተገተረው ጠረጴዛ ከብረት እግሮቹ በቀር መስታወት ነው። ከኋላው ብትቀመጥ እስከ ጥፍሯ ድረስ ትታያለች።

«ቀስ ይበሉ፣ ወይዘሮ» አለ የእህቷ ልጅ፣ አንገቱን እንደ ኤሊ ኮሌታው ውስጥ እየሸሸገ።

ይሄ ልጅ ሰነድ ማስተርጎሚያ ቢሮ ከፍቶ ሥራ አስኪያጅ ነኝ ካለ ወዲህ «አክስቴ» ማለት ትቷል። ቢሮ ውስጥ ዝምድና የለም ባይ ነው። አክስትም «ልክ ነህ፣ ሽንት ጨርቅህን ስቀይርም ቢሮ አልነበርንም» ትለዋለች፣ ያውም ደንበኛ ፊት። ሠራተኛው ሁለቱና ተርጓሚው ብቻ ናቸው። ተርጓሚው ሦስት ቋንቋ ያውቃል፤ በሦስቱም አይናገርም።

ጠረጴዛ መቀየር እንዳለበት ማንም አልተከራከረም። በቀደም አንድ ደንበኛ ሲደገፈው የአንደኛው ጠረጴዛ እግር ወልቆ፣ ሰውዬው ከነሰነዱ ወለል ላይ ተዘርሮ ነው የተገኘው። ጠቡ ምን ዓይነት ይገዛ በሚለው ላይ ነው።

አክስት ደግሞ ለጌጥ ብላ አይደለም የጮኸችው። ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ የሠራች ሴት ናት። ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበረች። ባለ ሱቁ «ሻጭ ከተቀመጠ ገዢ ይሸሻል» ይል ነበር፣ ራሱ ትራስ ላይ ተቀምጦ። አክስት ቆመች፣ ቆመች፣ እግሯ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ልጁ ቢሮ ከፍቶ «ነይ እንግዳ ተቀበይልኝ» ሲላት ደሞዙን እንኳ አልጠየቀችም። «ተቀምጬ ነው?» አለች፣ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ከአሮጌው ጠረጴዛዋ ጀርባ ነግሣ ትውላለች። ጠረጴዛው ፊት ለፊቱ በጣውላ የተደፈነ ነው። ደንበኛ የሚያየው ከወገብ በላይ ያለውን ነው፤ መነጽር፣ የከንፈር ቀለም፣ የተተኮሰ ሸሚዝ። ከወገብ በታች ሌላ አገር ነው። ጫማ ወልቋል፣ እግር በጨርቅ የተጠቀለለ ጡብ ላይ ተዘርግቷል፣ ጣቶች እንደ ልባቸው ይነጋገራሉ። ይሄን አገር ነው እንግዲህ ልጁ በመስታወት ሊወርባት የመጣው።

«እመቤቴ፣ ይሄ እኮ ፕሮፌሽናል ነው» አለ የዕቃ መሸጫው ሻጭ እጁን እያሻሸ። «ግልጽነትን ያሳያል።»

«እስቲ ምን እንደሚያሳይ እንየው» ብላ አክስት ጫማዋን አውልቃ ከመስታወቱ ኋላ ቁጭ አለች። «ና፣ ደንበኛ ሁን። ጠይቀኝ።»

«እ... ሰነዴ ደርሷል?» አለ ሻጩ። ዓይኑ ግን ቁልቁል ተንሸራተተ።

«ፊቴን ትተህ ወዴት ነው የወረድከው?»

ሻጩ እጁን ማሻሸት አቆመ። አስሩም ጣቶች ተሰልፈው እያዩት ነው።

አክስት ጥግ ላይ ወዳለው ጠረጴዛ በአገጯ ጠቆመች። ሰፊ እንጨት፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ፊቱ ድፍን። «ያ ነው ጠረጴዛ!»

«እሱማ የፖሊስ ጣቢያ ይመስላል» አለ ልጁ። «ደንበኛ ሲገባ እጁን ሊሰጥ ነው።»

በመጨረሻ ሻጩ ገላገላቸው፤ አንድ መስታወት ለሙከራ ይውሰዱ፣ ካልተመቻቸው ይመልሱ። ልጁ ደረቱን ነፋ። «መጀመሪያ እኔ ጋ ይቀመጥ። አርአያ እሆናለሁ።»

ሆነ። መስታወቱ ገባ፣ ተወለወለ፣ ልጁም ከኋላው እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ደንበኛ የልደት ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«መቼ ይደርስልኛል?»

«ነገ ጠዋት፣ ያለ ጥርጥር» አለ።

ይሄኔ ቀኝ ጉልበቱ መደነስ ጀመረ።

ያን ጉልበት አክስት ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ስኳር ሰርቆ «እኔ አይደለሁም» ሲል አፉ ይክዳል፣ ጉልበቱ ይመሰክራል። ለካ አሮጌው ጠረጴዛ እስከዛሬ ሲሸፍንለት ኖሯል! ደንበኛዋ ጉልበቱን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ተመልሳ ጉልበቱን አየች።

«እርግጠኛ ነህ ነገ ነው?»

«ነገ ነው። ብርድ ነው እንጂ...» ጉልበቱ ባሰበት።

«ከነገ ወዲያስ?»

«ይቻላል።» ጉልበቱ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ።

«ሐሙስስ?»

ጉልበቱ ቀጥ አለ።

«በል ሐሙስ እመጣለሁ» ብላ ደንበኛዋ ወጣች።

አክስት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ይቺ ናት ግልጽነት! ሁለተኛ በአፍህ አትድከም፣ እግርህ ይመልስልህ!»

«ቡና በዝቶብኝ ነው፣ አክስቴ!» አለ አምልጦት። «ማለቴ፣ ወይዘሮ!»

«እንወራረድ?»

«እንወራረድ!»

ተወራረዱ። ቢሮው ሳይዘጋ ለቀጣዩ ደንበኛ «ነገ» ብሎ ጉልበቱን ጸጥ ካሰኘ፣ መስታወት ለሁሉም ይገዛል፤ አክስትም ጫማዋን እስከ ማሰሪያው ታደርጋለች፣ ጡቡም ይወጣል። ከተንቀጠቀጠ ግን ድፍኑ እንጨት ለሁሉም፤ እሱም ደንበኛ በሞላበት «አክስቴ» ይላታል፣ ጮክ ብሎ።

«ዳኛው አንተ ነህ» አለችው አክስት ተርጓሚውን።

«እኔ የለሁበትም» አለ ተርጓሚው። እንዲያ እያለ የቤት ነጠላ ጫማውን በእግሩ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረገ።

በሩ ተከፈተ። የገባው አንድ ችኩል ነጋዴ ነው፤ የቆየ ደንበኛ፣ ቁጭ ማለት የማያውቅ።

«የኔ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?»

ልጁ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጫነ።

«እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ጮኸ ተርጓሚው። ድምፁን ሲሰሙ ሁሉም ደነገጡ፤ እሱም ጭምር። ነጋዴውም እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ልጁ እጆቹን ቀስ ብሎ መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ላቡ ኮሌታው ላይ ደርሷል። ጉልበቱ ለጊዜው ዝም ብሏል። አክስት ከአሮጌው ጠረጴዛዋ ጣውላ ጀርባ፣ ማን ያውቃል ብላ፣ አንዱን ጫማዋን በጣቷ ፈልጋ ወደ ራሷ ሳበችው፤ አላጠለቀችውም ግን።

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገና አፉን ከፈተ።

«ነ...»