ጋሪዎቹን አስቁሙ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ልጄ የዝና ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል። ዛሬ አሥር ዓመት ሞልቷታል። እኔ ግን የፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ቤታችን ዳንግላ ውስጥ ባለጋሪዎች ከሚመላለሱበት መንገድ ዳር ነው። የዝና እልኸኛ ነበረች። ፊቷን ልጠባት ስል ትሮጣለች፤ ላጎርሳት ስል አፏን ትገጥማለች። እኔም መላ አገኘሁላት። ኮቴ ሲሰማ ጠብቄ፣ «ባለጋሪው መጣልሽ! እምቢ የሚል ልጅ፣ የሚያለቅስ ልጅ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ነው የሚወስደው» እላታለሁ። ወዲያው ጸጥ! ጎረቤቶቼ፣ «ምን አድርገሻት ነው እንዲህ የምትሰማሽ?» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ልብስ አስጥቼ ዞር ስል የለችም። የጓሮው በር ክፍት ነው። ከጓሯችን ኋላ ክዳን የሌለው የውኃ ጉድጓድ አለ። በሆዴ ተኝቼ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ጨለማ ነው። ጮህኩ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ባለጋሪዎቹ፣ ደጎች ናቸው፣ ገበያቸውን ትተው በየመንገዱ ተበተኑ። አንዱማ ጋሪው ላይ ቆሞ፣ «የዝናዬ! ነይ የኔ ማር፣ በጋሪ እወስድሻለሁ!» እያለ ይጣራል። እኔም ከኋላው እየሮጥኩ እጣራለሁ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሰዎች ለጉድጓዱ ገመድና መንጠቆ ሊያመጡ ሄዱ።

ይህን ጊዜ አክስቴ ደረሰች። ክንዴን ጨብጣ፣ «ልጅቱን በምንድን ነው የምታስፈራሪያት?» አለችኝ። ነገርኳት። ወዲያው ወደ መንገዱ ዞረች።

«ጋሪዎቹን አስቁሙ!» አለች። «አንቺም አፍሽን ያዢ።»

መንገዱ ጭር ሲል ጓሮ ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች። እንደ ልማዷ አዊኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ በቀስታ፣ «ፈረሶቹ ሄዱ። እኔ ብቻ ነኝ። እግሬን አሞኝ ነው የተቀመጥኩት» ትላለች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ለአጥር ከተከመረው ቀርከሃ ሥር ትንሽ እጅ ብቅ አለች።

ሦስት ጊዜ ያለፍኩበት ክምር ነው። የዝና አፏን በመዳፏ ይዛለች፤ ቀሚሷ ርሷል። እኔን ስታይ፣ «እማ፣ አላለቀስኩም» አለችኝ።

አሁን ሌላ ልጅ አለኝ። እምቢ ሲለኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ሰው «አሞላቀቅሽው» ይለኛል፤ ይበለኝ። የዝና ያን ቀን አታስታውሰውም። እኔ ግን ጠርቻት ቶሎ «አቤት» ካላለችኝ ዛሬም ወደ ጓሮ እሮጣለሁ።

አክስቴ የዚያን ዕለት ልጅቱን በምን አስፈራራት እንደነበር ለባሌም ለማንም አልተናገረችም። ልጄን አዘለቻትና ወደ ቤቷ ወሰደቻት። የመለሰችልኝ በሳምንቱ ነው።