ግድግዳ አንኳኪው ዘመዱ

በእስራኤል፣ በናታንያ ከተማ፣ የእኛ ሰው ቤት ሊገዛ ሲነሳ መጀመሪያ ባንክ ይሄዳል፤ ቀጥሎ፣ ወደደም ጠላም፣ ዘመዱ የሚባል ሰው ይከተለዋል። ሰውየው ሳይጠሩትም ይመጣል።

ዘመዱ መሐንዲስ አይደለም። በሳፒር የፋብሪካ ሰፈር ዕድሜውን ሙሉ የተጣመመ የፕላስቲክ ክዳን ከደህናው ሲለይ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ክዳኑ እዚያው ቀረ፤ እንከን መልቀሙ ግን አልለቀቀውም። ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ እንደ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል። "ርቲቩት አለበት፤ ይኸ ቤት ውሃ ጠጥቷል" ካለ አለቀ። ሻጩ ቢምል ቢገዘት ገዢው እግሬ አውጪኝ ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሰማው የጎረቤት ሻወር ነው። ሙኒት የምትባል ሴት በእሱ አፍ ገዢ ሸሽቷት እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም። እሱ ግን "ስንቱን ሰው አዳንኩት" እያለ ደረቱን ይነፋል።

ዘንድሮ ተራው የራሱ ሆነ። ሚስቱ ሻሺ ጉልበቷን ታማለች፤ ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ያለው ቤታቸው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ያውም አሳንሰር የሌለው። ሐኪም ቤት ደርሳ ስትመለስ በየፎቁ እያረፈች፣ እንባዋን እየዋጠች ነው የምትወጣው። ሰንበት ምኩራብ መሄድ ካቆመች ከረመች። ይህን ቤት ሸጠው ምድር ላይ ያለ ካልገዙ በቀር ሌላ መላ የለም።

አቪቭና ፀደኒያ የሚባሉ አዲስ ተጋቢዎች ቤቱን ወደዱት። "ቤዴክ ባይት እናስደርግና እንፈርማለን" አሉ፤ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ይመርምረው ማለታቸው ነው። የዘመዱ ፊት ጠቆረ። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ በእርጥበት አብጦ መሻገቱን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሰው ግድግዳ ሲያጋልጥ የኖረው ሰውዬ ቀለም ገዝቶ መጣና ሲቀባ ዋለ፤ ሲደርቅለት ትልቁን ቁምሳጥን ገፍቶ አስደገፈበት።

"ይኸን ሌላ ሰው ቢያደርገው ምን ትለው ነበር?" አለች ሻሺ።

"ዝም በይ። ላንቺ ጉልበት ብዬ ነው።"

እውነቱን ነበር። አዋቂነቱን ለሰው ሲል ሲውጥ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሻሺም ይህ ገብቷት በልቧ መረቀችው።

መርማሪው ሊዶር እርጥበት የሚለይ መሣሪያ ይዞ ከገዢዎቹ ጋር መጣ። ኩሽናውን አየ፣ መታጠቢያውን አየ፣ መኝታ ቤት ገባ፤ ቁምሳጥኑን አልፎ መስኮቱን ፈተሸ። "ሀኮል በሴደር፣ ሁሉም ደህና ነው" አለ። ሻሺ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ዘመዱ ግን ደስ ሊለው ሲገባ አንጀቱ አረረ። ይኸ ነው እንግዲህ ባለሙያ የሚባለው?

"ከቁምሳጥኑ ጀርባስ?" አለ።

"ዕቃ አናንቀሳቅስም ጋሼ፤ ደንቡ ነው።"

"ግድግዳም አላንኳኳህም።"

ሊዶር ፈገግ አለ። "እሱ ድሮ ነበር። ዛሬ መሣሪያ አለ።"

አቪቭም ሳቅ ብሎ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ አይድከሙ። አሁን በሳይንስ ነው" አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አፉን ዘግቶ ቤቱን ይሸጥ ነበር። ዘመዱ ግን ዝምታን ከየት ያምጣት? "በሳይንስ" አለና ቁምሳጥኑን በትከሻው ገፋው። አዲሱ ቀለም ገና ከአሁኑ ተልጦ ሻጋታው ወጥቷል። "ና፣ መሣሪያህን አስጠጋው" አለ። መሣሪያው ጮኸ። ሊዶር አፈረ። ዘመዱ ወገቡን ይዞ በክፍሉ መሃል ተንጎራደደ፤ ሻሺን ዘወር ብሎ አላያትም።

ገዢዎቹ በዕብራይስጥ ተንሾካሾኩ። "ቤቱን እንተወዋለን ጋሼ፣ ይቅርታ" አለች ፀደኒያ። "ግን እንደርስዎ ያለ ሐቀኛ ሻጭ አይተን አናውቅም። ሐሙስ ሌላ ቤት ልናይ ነው፤ ቢመጡልን?"

"እመጣለሁ እንጂ" አለ ዘመዱ፣ አፍታም ሳያስብ።

እስከ ታች ድረስ ሸኝቷቸው፣ ስለ አዲሱ ቤት አንድ በአንድ ጠይቋቸው፣ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ሻሺ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ነበር።

"ስንተኛ ፎቅ ነው የሚያዩት ቤት?" አለችው።

"ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የሚባል የለውም። እንዲያ ያለ ቤት እኮ..." አለና የተናገረው ለራሱ ጆሮ ደረሰ።

ሻሺ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች።

"ሐሙስ ስትሄድ ቆሻሻውን ይዘህ ውረድ" አለችው። "እኔ አልወርድም።"