የእትዬ ቀጭ ኪሎ

የብስኩት ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ «እትዬ ቀጭ» ነበር የሚላቸው። ስሙን ያወጣላቸው ብስኩታቸው ነው፤ ሲሰበር ቀጭ ካላለ ከደጅ አይወጣም። ሃያ ስድስት ዓመት ሊጥ አቡክተው ጡረታ ሲወጡ ቦታውን የተረከበችው የልጃቸው ሚስት ናት። ልኩን አንድ በአንድ አስጽፈዋታል፦ መቶ ኪሎ ዱቄት፣ ሃያ ኪሎ ዘይት፣ ስኳሩን፣ ጨዉን። ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም በልክ ጉዳይ ማንም አጠገባቸው አይደርስም። ይህን ደግሞ ለጠየቀም ላልጠየቀም ይናገራሉ።

ከወጡ ሳምንት ሳይሞላ ምራታቸው ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«እማዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተበላሸብኝ። ብስኩቱ በዘይት ይርሳል፣ ገና ሲነኩት ይፈረፈራል። ኃላፊው ነገ ካልተስተካከለ ወደ ማሸጊያ ክፍል ትመለሻለሽ ብሎኛል።»

«ሌላውስ ሰው ምን ይላል?»

አቀረቀረች። ስትጎተጎት ጊዜ ግን አወጣችው። «አማት አይደሉ፣ ሙያቸውን ሰስተው ነው ይላሉ።»

እትዬ ቀጭ በዕድሜያቸው ብዙ ተብለዋል። ቁጡ ተብለዋል፣ ነዝናዛ ተብለዋል፣ ምላሰኛም ተብለዋል፤ እውነት ስለሆነ ስቀው አልፈውታል። ስስታም ያላቸው ግን አልነበረም። አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡና ማቡኪያው አጠገብ ቆሙ። ተመዝኖ በከረጢት የሚመጣው ዱቄት ልክ ነው። ስኳሩም እንደዚያው። ዘይቱ ላይ ሲደርሱ ምራታቸው ኃላፊው በቅርቡ ያስመጣው ሚዛን ላይ ባልዲ አስቀምጣ ማንቆርቆር ጀመረች።

«ቁሚ! ኪሎዬ የታለ?»

«የቱ ኪሎ እማዬ?»

«ጣሳዬ ነዋ!»

በዚያ ቤት ዘይት የሚለካባት የሊትር ጣሳ ስሟ «ኪሎ» ነበር። «ሦስት ኪሎ ጨምሪ» ሲባል ሦስት ጣሳ ማለት ነው፤ ከድሮ ጀምሮ እንዲያ ነው፣ መዝኖ ያየ የለም። ምስኪኗ ጣሳ ተፈልጋ መደርደሪያ ላይ ብሩሽ ታቅፋ ተገኘች። አጥበው አደረቋት። ኃላፊውን አስጠሩና ጣሳዋን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ አስመለሱት። መጀመሪያ ውሃ ሞሉባት፤ አንድ ሺህ ግራም አለ። ደፍተው፣ አድርቀው፣ ዘይት ሞሉባት። ዘጠኝ መቶ ሃያ።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየ። «ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆን?»

«ሚዛንህስ ደህና ነው። ሾርባ በልተህ አታውቅም? ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፈው ከውሃ ስለሚቀል ነው። የኔ ኪሎ ጣሳ ነው ልጄ፣ ያንተ ኪሎ ክብደት ነው። ሃያ ጣሳ በሚዛን ስንት ይመጣል?»

ኃላፊው ስልኩን ከኪሱ እስኪያወጣ እሳቸው ጨርሰውታል።

«አስራ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ! በየሊጡ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ትርፍ ስታፈሱ ከርማችሁ እኔን ስስታም ትሉኛላችሁ?»

እርግጥ ሲያስጽፉ «ጣሳ» ማለት ነበረባቸው። ይህን ልባቸው ያውቀዋል፤ አፋቸው ግን አልተናገረውም።

ሊጡ በአዲሱ ልክ ተቦካ፣ ተጋገረ፣ ቀዘቀዘ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከቧል። ኃላፊው አንድ አነሳና ለሁለት ሰበረው።

ቀጭ!

ምራቲቱ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። እትዬ ቀጭ ግን ፊታቸውን አልፈቱም፣ ውስጣቸው በኩራት ቢሞላም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» አለ ኃላፊው። «ምራትዎም ከዚህ ቦታ አትነሳም።» ይህን ብሎ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት «20 ኪሎ» የሚለውን ሰርዞ በእርሳስ «18.4» ብሎ ጻፈ።

እትዬ ቀጭ ጠጋ ብለው አዩት።

«በእስክሪብቶ» አሉ።