ጳጉሜን የማያውቀው ማሽን

ነገሩ የሆነው በደርግ ማብቂያ አካባቢ፣ በአንድ የሰኔ ሐሙስ፣ ጎሬ ላይ ነው። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ስልኬ ላይ ቀኑን ባየሁ ቁጥር የጎሬዋ ጸሐፊ፣ እትዬ አስካለ፣ ትዝ ይሉኛል። እሳቸው ትዝ ሲሉኝ ደግሞ ብቻዬን ተቀምጬም ቢሆን አንገቴን እደፋለሁ።

የምሠራው መቱ፣ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ሄደህ ኮምፒውተር ተማር ተብዬ ሦስት ወር ተምሬ ስመለስ፣ በክፍለ ሀገሩ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። አይ ልጅነት!

ሁለት ማሽን ነበረን። አንዱ መቱ፣ አንዱ ጎሬ ቅርንጫፋችን። ሁለቱም በእርዳታ የመጡ ናቸው፤ ግን ከተለያየ አገር ስለመጡ በምንም አይግባቡም። ማሽኑን ከውስጥ የሚያስተዳድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ነገር የየራሳቸው ነው። መቱ ላይ የሠራ ፕሮግራም ጎሬ ሲገባ ድርቅ ብሎ ይቀራል።

ሥራችን የቡና ችግኝ ነበር። ለየትኛው ገበሬ ማኅበር መቼ ችግኝ እንደተፈላ እንመዘግባለን፤ ችግኙ ለተከላ ሲደርስ ዝርዝር እናወጣለን፤ ማኅበሩም መጥቶ ይወስዳል። እኔ ለዚህ ሥራ ብዬ አንዲት ትንሽ ቋንቋ ፈጠርኩ። "ቁጠር"፣ "ለይ"፣ "ጻፍ"፣ "ዛሬ" የሚሉ ትእዛዞች ያሏት፣ በላቲን ፊደል የምትጻፍ አማርኛ። ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እያነበበ ለማሽኑ የሚነግረውን ፕሮግራም "አስተርጓሚው" አልኩት። መቱ ላይ ዝንፍ ሳይል ሠራ።

እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ አለቃዬ ፊት "ይሄ አስተርጓሚ ጎሬም ይሠራል፤ አንድ ቋንቋ ለሁለት ማሽን!" ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

አራት ወር አስለቀሰኝ። በተለይ "ዛሬ" የምትለው ትእዛዝ። የመቱው ማሽን ቀን የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ አስተርጓሚው ራሱ "ዛሬ ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቀናል፣ እኛም በአገራችን አቆጣጠር እንነግረዋለን። የጎሬው ግን ጠዋት ገና ሲበራ ቀን ይጠይቃል፣ እስኪጠፋ ድረስም ይይዘዋል። እኔም ተራቀቅኩና፣ ሰው ሁለት ጊዜ ከሚጠየቅ አስተርጓሚው ቀኑን ከማሽኑ ይውሰድ፣ ከፈረንጅ ወደ እኛም ይመልሰው አልኩ። ጎሬ ወጥቼ፣ ማሽኑን በእጄ አብርቼ፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሦስቴም ሠራ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ያ ሐሙስ ደረሰ። ከላይ የመጣ አንድ ካድሬ የአዲሱን ሥራ ውጤት ሊያይ ጎሬ ገባ። ከዳሪሙም ገበሬዎች ተጠርተው ነበር። ቀን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው፣ ጎሬ አድረው፣ በጠዋት ግቢውን ሞልተውታል። እኔ ከመቱ በመኪና ስደርስ እትዬ አስካለ ማሽኑን አብርተው፣ ወረቀት አስገብተው ጠብቀውኛል።

ትእዛዙን ሰጠሁ። ማተሚያው ተንጫጫ፣ የርእሱን መስመር ጻፈ፣ ቆመ። ከርእሱ በታች ምንም የለም። አንድም የደረሰ ችግኝ የለም አለ!

ደገምኩት። ባዶ። ዲስኬት ቀየርኩ። ባዶ። "ቁጠር" ስለው ማኅበሮቹን ሁሉ አንድ ሳያጎድል ይቆጥራል፤ ችግኝ የደረሰላቸውን "ለይ" ስለው ግን ማንንም አያውቅም። ባለፈው ሳምንት የሠራ ነገር ዛሬ ምን ነካው?

የዳሪሙዎቹ ሽማግሌ ኦቦ ገመዳ ባዶውን ወረቀት አገላብጠው አዩና "ወረቃን ኩን ማል ጄዳ?" አሉኝ። ወረቀቱ ምን ይላል ማለታቸው ነው። ምን ልበላቸው? እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።

"መዝገቡን በእጅ አይተን ችግኙን እንስጣቸው" ብዬ ካድሬውን ለመንኩት።

"ማሽኑ ሳይል አንድ ችግኝ አይወጣም" አለ። ቀጥሎ ወረቀቱን በጣቱ እየመታ፣ "ለዚህ ሁሉ ገበሬ ባዶ ወረቀት! አሻጥር ነው ወይስ ስንፍና? እስከ ስምንት ሰዓት መልስ እፈልጋለሁ" ብሎኝ ወጣ። አንድ አብዮት ጠባቂም በሩ ላይ አቆመብኝ።

አሻጥር! ያቺ ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበረች የኖረበት ያውቀዋል። በአሻጥር ተጠርጥሮ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። እስከ ስምንት ሰዓት ካላገኘሁት እኔም ገቢ ነኝ።

የአስተርጓሚውን ጽሑፍ መሬት ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ባነበብኩ ቁጥር ይብስ ግራ ይገባኛል። ምንም ስህተት የለውም። ጥፋት የሌለበት ነገር እንዴት ይበላሻል? ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ እንጂ ልቤ አያነብም ነበር።

እትዬ አስካለ ሻይ በዳቦ ይዘውልኝ ገቡ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ የሚያጣፉ ሴት ናቸው።

"ብላ እስቲ፣ በባዶ ሆድ አይታሰብም" አሉኝ። "እኔንም እኮ ይሄ ማሽን ያስቸግረኛል። ቀን ላይ ግትር ነው። ጥቅምት ሠላሳን እምቢ ብሎኝ፣ ሃያ ስምንት ስለው ተቀበለ። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃት! አምስቱንም ቀን ነሐሴ ሠላሳ እያልኩ ነው የሸወድኩት።"

ዳቦው ከእጄ ወደቀ።

"እትዬ አስካለ፣ ጠዋት ቀኑን ከየት እያዩ ነው የሚሰጡት?"

"ከየት አያለሁ? ከካላንደሩ ነዋ!" ግድግዳውን አሳዩኝ። በየቤታችን እንዳለው ያለ የኢትዮጵያ ካላንደር ነው።

እሳቸው የአገራቸውን ቀን ሲሰጡት፣ የኔ አዋቂ አስተርጓሚ የፈረንጅ መስሎት ከላዩ ሰባት ዓመት ከምናምን ይቀንሳል። ማሽኑ ያለፈ ዘመን ላይ ስለሚቆም፣ ችግኞቹ ሁሉ ለእሱ ገና አልተፈሉም። ስሞክረው ቀኑን ያስገባሁት እኔ ራሴ ነበርኩ፣ በፈረንጅ፣ አዲስ አበባ እንደተማርኩት። ለእሳቸው ግን አንድ ቃል አልነገርኳቸውም። ሰው አገሩ ተቀምጦ የፈረንጅ ቀን እንደማይቆጥር አላሰብኩም!

የፈረንጁን ቀን ሰጠሁት። ማተሚያው ተንጫጫ፣ የማኅበሮቹን ስም ያወርደው ጀመር። የዳሪሙዎቹም ስም ወጣ። እኔና እትዬ አስካለ እንደ ልጅ ሳቅን።

ሳቃችን ሳያልቅ ካድሬው ገባ። ዝርዝሩን አየና "ታዲያ ጠዋት ምን ሆኖ ነበር? ጥፋቱ የማነው?" አለ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ጎንበስ ብዬ መሬት ላይ የዘረጋሁትን ጽሑፍ መሰብሰብ ጀመርኩ።

"የኔ ነው፣ ጓድ" አሉ እትዬ አስካለ። "የፈረንጅ ቀን ያስገቡ ብሎኝ ነበር። ረስቼ የኢትዮጵያን አስገባሁ።"

ውሸት ነው። አልነገርኳቸውም። ካድሬው ካላንደሩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እሱም ግራ ገባው። የአገሯን ቀን ጻፈች ብሎ ሰው እንዴት ያስር? "ጓዲት አስካለ፣ ነገ በስብሰባ ግለ ሂስ ያደርጋሉ" ብሎ ወጣ። አብዮት ጠባቂውም ተከትሎት ሄደ፤ የዳሪሙዎቹም ችግኛቸውን ተረከቡ።

ለዚያ ስብሰባ ብዬ ጎሬ አደርኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት እትዬ አስካለ ቆመው "በቸልተኝነት የገበሬውን ጊዜ አባክኛለሁ" አሉ። አንዳንዱ ተነስቶ ተቻቸው። ልጃቸው የሚሆን ሰው ጣቱን ቀሰረባቸው። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አያለሁ።

ስንወጣ ተከተልኳቸው። "እትዬ አስካለ፣ ለምን እንዲህ አደረጉ?"

ሳይቆሙ ነው የመለሱልኝ። "አንድ ልጅ ነበረኝ፤ አሰሩት። ሁለት ዓመት ስንቅ አመላለስኩ። አንድ ቀን ምግቡን መለሱልኝ። ያንተ እናት እንኳን ይሄን አታይ።"

መቱ ተመልሼ አስተርጓሚውን አስተካከልኩት። ጎሬም ላይ ራሱ እንዲጠይቅ፣ በኢትዮጵያ ቀን እንዲጠይቅ፣ ወሮቹም አሥራ ሦስት እንዲሆኑ አደረግኩ። ጳጉሜ ሲገባ እትዬ አስካለ ስልክ ደውለው "ዘንድሮ ተቀበላት!" ብለው ሳቁ። ያኔም ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

አሁን በሕይወት የሉም። የዚያን ቀን የማሽኑ ነገር ግራ ቢያጋባኝ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ተገልጦልኛል። አንዲት "የኔ ነው" የምትል ቃል ለምን ከአፌ እንዳልወጣች ግን ዕድሜ ልኬን ባስብ ሊገባኝ አልቻለም። ይኸው እዚህ ልጻፈው፦ ጥፋቱ የኔ ነበር። እትዬ አስካለ ምንም አላጠፉም።