የአባባ መዘውር መርካቶ ደርሳ ስትመለስ

ከሀዋሳ መነሳት

ሐሙስ ማለዳ ከሀዋሳ መናኸሪያ ስሳፈር መዘውሯን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጫት ነበር። መዘውር የምላት የዓሣ መንጠቆ ክር የሚጠቀለልባትን ትንሽ ማሽን ነው። ሌላው ሪል ይበላት፤ አባባ መዘውሬ ካላት መዘውር ናት። ድሮ በጀልባ ያንሸራሸረው እንግዳ ነው ከነዘንጓ ሰጥቶት የሄደው።

አባባ ዕድሜ ልኩን መረብ ሲጎትት የኖረ ዓሣ አስጋሪ ነው። ስትሮክ ቀኝ እጁን ካደከመው ወዲህ ግን መረብ ቀረ። ዘንጉን ሐይቁ ዳር ካለ ቋሚ ላይ አስሮ፣ በግራ እጁ መዘውሯን እያዞረ ያጠምድ ነበር። ኋላ እሷም ከዳችው። ዓሣው ሲጎትት እጀታዋ ወደ ኋላ ትሽከረከርና የተጠቀለለው ክር ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል። ሁለት እጅ ያለው ሰው እጀታዋን ጨብጦ ያቆማታል፤ አባባ ግን ዓሣውን ለማውጣት ያቺኑ አንድ እጁን መልቀቅ አለበት። በለቀቀ ቁጥር ዓሣው ያመልጠዋል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ቤት ዋለ፤ ሐይቁን ላለማየት ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንጀቴን በላው።

እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። የሀዋሳ ልብስ ሰፊ መኪናው ሲቆምበት የሚደውለው ለእኔ ነው። ልክፈታት ስለው ግን አባባ በጄ አላለም።

«እንዳትነኪያት! መርካቶ ውሰጃትና የሚያውቅ ሰው ይያት» አለኝ።

ድሮም እንዲህ ነው። ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉት «ልብስ ትሰፋለች» ይላል። ካቻቢቴ ይዛ የምትውል ሴት ልጅ አለችኝ ማለት ያሳፍረዋል። አልተከራከርኩትም፤ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ

ሻሸመኔን አልፈን ዝዋይ ለምሳ ቆምን። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ በላሁ። የዝዋይ ሰዎች አይቀየሙኝና የእኛ ይበልጣል። ሾፌሩ ቃሊቲ እስክንደርስ ድረስ ሬዲዮውን ዝም አላሰኘም። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ጭኔ ላይ ያለው ምንድነው ብለው ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። «የማርሹ ጥርስ አልቆ ነው» አሉኝ፤ በሕይወታቸው መዘውር አይተው አያውቁም። ደግሞ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያለው ይኼንኑ ነው። ባጃጅ ሠሪው ጎረቤታችንማ «ግራሶ የማያድነው በሽታ የለም» ብሎ በቀዳዳዋ ሙሉ ግራሶ ጠቅጥቆባታል። ማታ ኮልፌ አክስቴ ቤት አደርኩ።

ዓርብ፣ መርካቶ

ጠዋት መጀመሪያ ዱባይ ተራ ገባሁ። አንድ ጎረምሳ ነጋዴ መዘውሯን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «እትዬ፣ ይሄ አይጠገንም፤ አዲስ ይውሰዱ» አለና አንድ የሚያብለጨልጭ አወጣልኝ። ሳነሳው እንደ ልጅ መጫወቻ ይቀላል። አምባዛን የሚያህል ዓሣ ይችላል ወይ ስለው፣ አምባዛ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ስላልዋሸኝ አመስግኜው ወጣሁ።

ከዚያ በተሸካሚና በጋሪ መሃል እየተጋፋሁ ወደ አንዋር መስጊድ ሰፈር አቀናሁ። ጋሼ ሙዘይን እዚያ የስፌት መኪና ዕቃ ይሸጣሉ። ለዓመታት የጠየቅኳቸውን ዕቃ በሾፌር ሲልኩልኝ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የምንተዋወቀው ግን በስልክ ብቻ ነው። ገና «እንደምን ዋሉ» ስል ድምፄን ለይተው፣ ከመደርደሪያው ኋላ ወጥተው በርጩማ ሰጡኝ። እሳቸው ዘንድ «የለም» አይባልም። ዕቃው ከሌላቸው አስቀምጠውሽ ከጎረቤት ያመጣሉ።

መዘውሯን አዩና እሳቸውም ጥርሱ አልቋል አሉ። ምን አለሽ ተራ ከነሐስ ጥርስ የሚያወጣላቸው ሰው አለ፤ እስከ ሰኞ ትቀመጥ አሉኝ። ልስማማ ስል አዛን ተሰማ። ጋሼ ሙዘይን ጫማቸውን አውልቀው «መጣሁ፤ ሱቁን እይልኝ» ብለውኝ ሄዱ። ከነሣጥኑ፣ ከነዕቃው፣ ዛሬ ገና ዓይኗን ላዩዋት ሴት! በስልክ የተገነባ እምነት ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወዲያው መንገዱ በመስገጃ ሞላ። ሰጋጁ እስከ ሱቁ ደፍ ድረስ ተደረደረ፤ ልውጣ ብል እንኳ መውጫ የለም።

መዘውሯ ፊቴ ናት። ካቻቢቴው እጄ ላይ ነው። አባባ አትንኪያት ያለኝ ሀዋሳ ነው፤ ይሄ መርካቶ ነው። የሚያውቅ ሰው ይያት ብሎ የለ?

ትንሽ ዕቃ ስፈታ ሁልጊዜ እንደማደርገው ነጠላዬን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ነጭ ላይ የወደቀ ነገር አይጠፋም። ክዳኗን ከፈትኩ፤ የባጃጅ ሠሪው ግራሶ እንደ ገንፎ ተጋግሯል። በጨርቅ ጠርጌ ስጨርስ ጥርሶቹ ብልጭ ብልጭ አሉ፤ አንድም የጎደለ የለም። ዓመቱን ሙሉ በሐሰት ታምተዋል!

ታዲያ ምን ነካት? እጀታዋን ወደፊት ቀስ ብዬ አዞርኩ። ደህና መዘውር ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ይቺ ግን ዝም ነው። ድምፁን የምታወጣው ጥርሶቹ መሃል እየገባች ወደ ኋላ መዞርን የምትከለክል ትንሽ የብረት ምላስ ናት። ምላሷ ተኝታለች። ከኋላዋ የምትገፋት ፀጉር የምታህል ሞላ ለሁለት ተሰብራለች። በቃ፣ በሽታው ይኼው ነው።

ሞላ ደግሞ የእኔ አገር ነው። ከጋሼ ሙዘይን ጣሳ ውስጥ የስፌት መኪና ክር የምትወጥር ሞላ መረጥኩ፤ በፒንሳ ቆርጬ፣ ጫፏን አጥፌ ሰካኋት። ምላሷ ተነሳች፤ እጀታዋ ግን ከበደች። ለእኔ ምንም አይደለም፤ ለአባባ ግራ እጅ ግን አይሆንም። ነቀልኳትና ቀጠን ያለች ፈልጌ እንደገና ሞከርኩ። በግራ እጄ አዞርኩ፤ ቀጭ ቀጭ። ለቀቅኩ፤ ቆመች። ክሩን ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ፤ ንቅንቅ አላለችም። ውጭ ሕዝቡ ለሱጁድ ተደፍቷል፤ እኔ ከውስጥ እልል እንዳልል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ጋሼ ሙዘይን ተመልሰው አዞሯት፣ ወደ ኋላ ታገሏት፣ እንቢ አለች። «እስከ ሰኞ አስቀምጪያት ያልኩሽ እኔ ነኝ?» ብለው ሳቁና ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፤ የሀዋሳዋን ባለሙያ ኑ እዩ እያሉ። የሞላዋን ዋጋ ስጠይቃቸው «ምራቂ ናት» ብለው እጄን መለሱት። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ቤት

ቅዳሜ ስገባ አባባ ወንበሩን ከግድግዳው ሳያዞር «የጠገናት ሰውዬ ማን ይባላል?» አለኝ።

«መጀመሪያ ዓሣ ያዝባትና እነግርሃለሁ።»

እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ዘንጉን ቋሚው ላይ አሰርንለት። ብዙ ሳይቆይ ክሩ ተወጠረ፤ አምባዛ ነው። አባባ ማዞር ጀመረ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ዓሣው ዳር ሲደርስ ግን ፈራ፤ እጀታዋን አልለቅ አለ። ልርዳው ብዬ ተነሳሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ቀስ ብሎ ለቀቃት። መዘውሯ ቆመች። በዚያችው በግራ እጁ ትንሿን የእጅ መረብ አንስቶ፣ ጅራቱን የሚያማታውን አምባዛ ራሱ አወጣው።

ጓደኞቹ ተሰበሰቡ። አንደኛው የእሱም መዘውር ተበላሽታበት ኖሮ፣ የመርካቶውን ባለሙያ አድራሻ ስጠኝ አለው። አባባ ወደ እኔ ዞረ። አሁን ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ዓይኑ ጣቶቼ ላይ ነበር። ከጥፍሮቼ ሥር የባጃጅ ሠሪው ጥቁር ግራሶ እስካሁን አልለቀቀም።

ዓይኑን ከጣቶቼ አንስቶ ዞረ።

«አድራሻው እኔ ቤት ነው» አለው ለጓደኛው። «ልጄ ናት። መካኒክ ናት።»

እዚሁ ቤታችን ሊያልቅ ለሚችል ሥራ መርካቶ ድረስ መሄዴ አልቆጨኝም። መንገዱ ያስፈለገው ለመዘውሯ ሳይሆን ለእኔና ለአባባ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። አምባዛውን ተሸክሜ ቤት የገባሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በአቋራጩ ሳይሆን ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ።