ከሞጣ የመጣው አስታማሚ

ብቸና ውስጥ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሎችና አሮጊቶች በሚኖሩበት ቤት ስሠራ፣ አዲስ ሠራተኛ መመልመል የእኔ ድርሻ ነበር። ደንባችን ጥብቅ ነው። ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ያላመጣ ሰው አይቀጠርም፤ በዚያ ላይ ከኖረበት ሰፈር የጎረቤት ምስክርነት እንጠይቃለን። ያን ሰሞን ግን የሞጣ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሰው አጥሮን ስለነበር ኃላፊያችን፣ «አሻራው ንጹሕ ነው፤ ጎረቤቱን መንገድ ሲከፈት ትጠይቂያለሽ» አለኝና ከሞጣ የመጣውን አስታማሚ በፖሊሱ ማስረጃ ብቻ አስገባነው።

ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጥፍሩን በየማለዳው የሚከረክም ጎልማሳ ነበር። ሌሎቹ የሚሸሹትን ሥራ ራሱ ለመነ።

«የማይናገሩትን ለእኔ ስጡኝ» አለ። «እነሱን ነው የለመድሁ።»

አንደበታቸው የተዘጋና ጎናቸው የማይታዘዝ አንዲት እናት ነበሩን። እሳቸውን ሰጠነው። ምግባቸውን ይዞ ይገባል፤ «ሰው ሲያያቸው ያፍራሉ» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ባዶውን ያወጣል። ወጥ ቤቶቹ መረቁት። እኔም ደስ አለኝ።

ውሎ አድሮ ግን የእናታችን ጉንጭ ጎደጎደ። የጤና መኮንኑ መጥቶ አያቸውና «እርጅና ነው» አለ። አንድ ቀን አንሶላ ስቀይርላቸው ክንዳቸው በመዳፌ ላይ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀለለኝ። ዐይናቸው ከበሩ አይነቀልም። ኮቴው በኮሪደሩ ሲሰማ ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ።

ዐይናቸው የጠፋ አንድ የቅኔ መምህር ከጎን ካለው ክፍል ይኖራሉ። እሳቸውን ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ ይህ አዲሱ ሰው እንዴት ነው ይሉኛል?»

«እጁ ንጹሕ ነው አሉ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ንጹሕ እጅ ሁለት ነው ልጄ። ያልነካም አለ፤ የታጠበም አለ። ከዚያ ክፍል የማንኪያ ድምፅ እሰማለሁ፤ የመዋጥ ድምፅም እሰማለሁ። የሚውጠው ጉሮሮ ግን የአሮጊት አይመስለኝም» አሉ።

የዚያን ዕለት ለኃላፊያችን ብነግር «የኔታ ቅኔ ሳይዘርፉ አይውሉም» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ መንገዱ ተከፍቷል ሲባል በመጀመሪያው ሚኒባስ፣ በደብረ ወርቅ በኩል፣ ሞጣ ገባሁ።

ሰውየው የኖረበትን ሰፈር ማግኘት አልከበደኝም። የመጀመሪያውን ቤት አንኳኩቼ ስጠይቅ፣ «ደግ ሰው ነው፤ አስታማሚ ነው» አሉኝና በሩን ዘጉ። ሁለተኛውም ቤት «ደግ ሰው ነው፤ አስታማሚ ነው» አለኝ። ሦስተኛው ቤት ቃሉን ሳይጨምር ሳይቀንስ ደገመልኝ። እየተመለስሁ ሳለ አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ ባልቴት እስከ መናኸሪያው ተከትለውኝ መጡ።

«እናንተ ጋ ያሉት ይናገራሉ?» አሉኝ።

«ብዙዎቹ ይናገራሉ፣ እናቴ።»

«የሚናገሩትን አይደለም የምጠይቅሽ።»

ባልቴቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። ሰውየው መጀመሪያ የእንጀራ እናቱን አስታመመ፤ እሷም አንደበቷ ተዘግቶ ነበር። ስትሞት ሰፈሩ ሁሉ አመሰገነው። ቀጥሎ የባልቴቷ እህት ታማ አንደበቷ ተዘጋ፤ እሷንም እሱ አስታመማት።

«ሳህኑ ባዶ ሆኖ ነው የሚወጣው» አሉ። «ሞታ ገላዋን ስናጥብ ጊዜ ግን አጥንቷ ይቆጠራል። ሁላችንም አየን፤ ማንም አልተነፈሰም።»

«ለምን አልከሰሳችሁም?»

«ምን ብለን? ስናመሰግነው ኖረን? እኔማ እህቴን በእጄ ነው የሰጠሁት።» ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉ። «ከሳሽ ከሌለ ፖሊስ ምን ይጻፍበት?»

ብቸና ስደርስ መሽቶ ነበር። በጠዋት የቁርስ ጊዜ ጠብቄ የዚያን ክፍል በር ሳላንኳኳ ከፈትሁት።

አልጋው ዳር ተቀምጧል። አጥሚቱን በማንኪያ ቀድቶ ወደ እናታችን አፍ ይወስደዋል፤ ከንፈራቸውን ሊነካ ሲል መልሶ ራሱ ይጎርሰዋል። ከዚያ በፎጣ የእሳቸውን ደረቅ አፍ ይጠርግላቸዋል። ደግሞ ይቀዳል። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ዐይን ዐይናቸውን እያየ። እኔን ሲያይ እንኳ አልደነገጠም። የመጨረሻውን ጎርሶ ሳህኑን አቀበለኝ።

«ዛሬ ጥሩ በልተዋል» አለኝ።

ጮኽሁ፤ ወጥ ቤቶቹም ዘበኛውም ሮጠው መጡ። ኃላፊያችን ራሱ ፖሊስ ጠራ። መርማሪው «ተበዳይዋ ቃል መስጠት አይችሉም፤ የፊት ክስም የለበትም» ሲል እኔ ያየሁትን አስመዘገብሁ፤ የኔታም የሰሙትን ተናገሩ። በችሎቱ ቀን ባልቴቷ ከሞጣ መጥተው፣ በዳኛው ፊት ቆመው «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው ጀመሩ። ከእሳቸው በኋላ ሁለት ጎረቤቶች መሰከሩ። ተፈረደበት። ፍርዱ ሲነበብ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደሚመሰገን ሰው ያዳምጥ ነበር። ለምን እንዳደረገው ቢጠየቅም አልተናገረም።

እናታችንን ከዚያ ወዲያ የማበላቸው እኔ ሆንሁ። ማንኪያውን ሳቀርብ ከንፈራቸው ይገጥማል፤ ብለምንም፣ ብምልም አይከፈትም። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ማንኪያውን እንደ ዘረጋሁ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ከብዙ ጸጥታ በኋላ ማንኪያው እጄ ላይ ቀለለ። አሁን ጉንጫቸው ሞልቷል። ግን እስከ ዛሬ የሚበሉት እኔ ግድግዳውን ሳይ ብቻ ነው።