ስምንተኛው ስም

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። እንደ ቀደሙት ዘመዶቻችን በሱዳን በኩል በእግሬ አልመጣሁም፤ ወደ እስራኤል የመጣሁት በአውሮፕላን ነው። የወንድ መካንነት ደግሞ በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ አይወራም። ግን ጎንደር ሆናችሁ ተራችሁን ለምትጠብቁ፣ እዚህም ተደብቃችሁ ሐኪም ዘንድ ለምትመላለሱ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

ከጎንደር በወጣንበት ሌሊት እናቴ ሻንጣውን ትታ እኔን ትፈትሽ ነበር።

"ቁጠር" አለችኝ።

የአያት ቅድመ አያቶቼን ስም ከላይ ጀምሬ ወደ ታች፣ አባት ከልጅ እያያያዝኩ፣ ሰባተኛው ላይ ራሴን ጠራሁ። ስሳሳት ታናሽ ወንድሜ አዲሱ ይስቅብኝ ነበር።

"ጎሽ! ልጅህ አድጎ ዘመዱን እንዳያገባ ይህንን አስተምረው። ስምንተኛውን ስም ደውለህ ትነግረኛለህ።"

እርሷና አዲሱ ፈቃድ ስላልደረሳቸው ቀሩ። እኔና ባለቤቴ ትርንጎ ሄድን።

ሐምሌን የማውቀው በጭቃና በብርድ ነበር። የሰፈርንባት የቂርያት ጋት ከተማ ሐምሌ ግን አንዲት ጠብታ አያውቅም፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ፋብሪካ ገባሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ኮሌጅ ጀመርኩ። ልጅ ግን በአምስት ዓመት አልመጣም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው የትርንጎን ሆድ ነበር።

ሮፌው፣ ሐኪሙ ማለቴ ነው፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ነገረኝ። "ኤክስ የሚባል አንድ ትርፍ ክሮሞዞም ይዘህ ተወልደሃል። የወንድ ዘር አላገኘንብህም።" ጎንደር ቢሆን መጀመሪያ ውሃ ያጠጡኝ ነበር። ቀዶ ሕክምና አድርገው ፈለጉ፤ አላገኙም። የማደጎ ወረፋው ደግሞ የሚያስረጅ ነው። የቀረን ትሩማ፣ የሌላ ሰው ዘር፣ ብቻ ሆነ።

የትሩማ ክፍሉ ጸሐፊ ስክሪኗን እያየች፣ "ሞተክ፣ አንድ ረጅም አለ፤ ጊታር ይጫወታል" አለችኝ፤ "ሞተክ" በዕብራይስጥ "ማሬ" እንደማለት ነው።

"ኢትዮጵያዊ የለም?"

"የለም። የመናዊ አለ፤ ይቀርባችኋል።"

"አባቱ፣ አያቱ ይታወቃሉ?"

"ምስጢር ነው። ቁመቱን ግን እነግርሃለሁ።"

"እንግዲያው ጎንደር ያለው ወንድሜ ሲመጣ ይስጠን።"

"የባል ዘመድ ክልክል ነው።"

"ለምን?"

"ዘመድ ስለሆነ ነዋ!"

እኛ ባዕድ አናምንም፣ እነርሱ ዘመድ አይቀበሉም።

አውቶቡስ ውስጥ ትርንጎ፣ "እኔ ባለ ጊታሩን እወስዳለሁ" አለች። ሳቅኩ። እርሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ከእኛ ቀድመው የመጡትን አባቷን አባ ይርጋን አማከርናቸው። "ሰባት ቤቱ ካልታወቀ፣ ልጁ ነገ የገዛ እኅቱን ቢያገባስ?" አሉ።

"እውነትዎን ነው፣ አባ" አልኩ።

"አባ፣ እኔ ገና አልወለድኩም፤ እርስዎ ሠርጉ ላይ ደርሰዋል!" አለች ትርንጎ። ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ?"

አባ ይርጋን አየሁ። እናቴ ትዝ አለችኝ።

"እናስብበት" አልኩ።

"አምስት ዓመት አሰብንበት እኮ።"

በዚያው ሳምንት ካርሜ ጋት የሚባለው ሰፈር ወደምትኖረው እኅቷ ቤት ሄደች። ተከትያት ሄጄ ደረጃው ላይ ለመንኳት። "የመናዊውም ይሁን፣ ባለ ጊታሩም ይሁን፤ እፈርማለሁ።"

"ያገባች ሴት ናት የባሏ ፊርማ የሚያስፈልጋት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ብቻዋን የሆነች ሴት ለራሷ ትፈርማለች። ጠይቄያለሁ።"

እናቴ ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ትደውላለች። አሁንም "ቁጠር" ትለኛለች። ሰባቱን ስጨርስ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

"ትርንጎስ?"

"ደኅና ናት፣ እማ።"

አልዋሸሁም። ባለፈው ሰሞን ባቡር ጣቢያ አየኋት፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷም ወዝቷል። ስለ መፋታታችን ግን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

የተፋታነው ባለፈው ዓመት፣ በበዓላችን በሲግድ ማግስት ነው።